በመስመሩ ላይ የሚጻፍ ቃል

ሊዬፓያ ነፋስ ነው፤ ትራሙ እያቃሰተ፣
ባልቲክ ከመስኮቱ ሥር ግራጫውን እየጎተተ፤
ዳይጋ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተክላለች፣
ክብን ከአራት ማዕዘን ታያይዛለች።

ክቡ ሰው ነው፤ አራት ማዕዘኑ ኩባንያ፤
በመሃላቸው መስመር፣
በመስመሩ ላይ ቃል፣ በእንግሊዝኛ።
አንድ ብቻ፤ ከደብሊን እንደዚያ ታዟል፤
ኦርላ ጽፋላታለች፦ «ሳጥኑ ጠቧል።»

የመጀመሪያው ሰውዬ መርከብ አለው በስሙ፤
«ኦነር» ልትለው ስትል ብቅ አለ ሕመሙ፤
መርከቡን ባንክ ይዞታል፣ እሱንም ይዞታል፣
ዓሣ ሲያጠምድ እንኳ መረቡ ወለድ ይቆጥርበታል።
ቀስቱ ከማን ወደ ማን? ያዡ ማን፣ ማን ተያዥ?

በእኔ ቋንቋ ቢሆን ነገሩ በቀለለ፤
ባለቤትም ባለ ነው፣ ባለዕዳም ባለ፤
ቤት ያለው ቤት አለው፣ ዕዳ ያለው ዕዳ አለው፤
እንግሊዝኛው ግን አንዱን ጌታ፣
አንዱን ጎደሎ ነው የሚያደርገው።

ወደ ቪዝማ አለፈች። ቪዝማና አንድሪስ
ዳቦ ቤት ነበራቸው፣ ከቦዩ ማዶ፤
በሚያዝያ ተፋቱ፤ አልጋው ለሁለት ሲከፈል
ምድጃው አልከፈል አለ፣ እንደ ድሮው ነዶ።
«ፓርትነር» የሚሉት ቃል ሰፊ ካፖርት ነው፤
ባልም ይገባበታል፣ ጠበቃም፣ ባለድርሻም፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሊጡን አብረው ሲያሹ
በየትኛው እጅጌ እንዳሉ አያውቁም እነሱም።

ሦስተኛው ኢማንትስ። አርባ አንድ ዓመት፣ ገመድ ፋብሪካ።
ሠርቷል፤ እሺ። ግን «አት» ነው? «ፎር»? ወይስ «ዊዝ»?
እዚያ፣ ለነሱ፣ ከነሱ ጋር፤
ሦስት ቅንጣት፣ ትንንሽ እንደ ጨው፤
የትኛዋን ብትነሰንስ ሰውየው ሌላ ነው።

ደወለችለት።
ሳለ። ሬዲዮውን ቀነሰ። አልሰማ ስላለ
ሁለቴ ጠየቀችው።
«ለነሱ?» አለ።
«እነሱ እነማን ናቸው? ታፔላው ሦስቴ ተነቀለ፤
አንዱ ባንዲራ ይዞ መጣ፣ አንዱ ካልኩሌተር፣
የመጨረሻው ቁልፍ ብቻ፣ ዘግቶት ሊሄድ፤
እኔ ያው ነበርኩ፤ ያው ነበር ገመድ።
እዚያ ብትዪ፣ እዚያማ ድመቲቱም ነበረች፤
ከነሱ ጋር ብትዪ፣ አብራኝ የሠራች
ዜልማ ናት፤ እሷም ሞተች።
ገመድ ሠርቷል በይና ተይው።»

«ሳጥኑ ሰውን ከኩባንያ ነው የሚያስረው፣
ገመድ የለበትም» አለችው።

ዝም አለ። ኋላ እንደ ተለማማጅ ልጅ አስተማራት፦
«ክሩን ወደ ቀኝ ትጠመዝዢዋለሽ፤
ክሮቹን ደግሞ አንድ ላይ፣ ወደ ግራ።
ሁለቱም መፈታት ይፈልጋሉ፤
አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይጠብቃል።
ፍቅር አይደለም እኮ የሚይዛቸው፤ ጥል ነው።
መርከብ የሚቆመው በዚያ ነው።»

እኩለ ሌሊት ሆነ። ትራሙ ገባ ማደሪያው።
«ፎርመር» ብላ ጻፈች፣ ራቅ ብላ አየችው፤
ጀርባውን የሰጠ ቃል ነው፤ አጠፋችው።
«ኢምፕሎዪ» አለች፤
እሱም ደመወዝ ያውቃል፣ ሳል አያውቅም።
ከዚያ፣ ምን እንደገፋት ዛሬም አታውቅም፣
«ታይድ» ብላ ላከች፤ የታሰረ።

ጠዋት ከደብሊን መልስ ነበረ፤
ኦርላ ናት፣ ጨዋ፣ ፈጣን፣ ፈገግታ ያልተለያት፦
«ደስ ይላል። ግን፣ በማን የታሰረ?»

ዳይጋ መልስ አልጻፈችም።
መሳቢያውን ሳበች፤ የራሷን ውል አወጣች፤
ክፍያ በሰዓት። ቀን። ፊርማ።
ስሟ ከላይ፣ ኩባንያው ከታች፣
በመሃል
ነጭ ወረቀት።